ጎማ ነው ልጄ፣ ጎማ ነው

ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርን። ጎተራ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቷል። ጎናችን እየተንፏቀቀ የነበረ የጭነት መኪና ጎማ ድንገት ፈነዳ። ሁላችንም ደነገጥን። አንዷ "በስመ አብ!" አለች፣ ረዳቱ ተሳደበ፣ ከዚያ ሳቅ ሆነ።

ሳቃችን ሳያልቅ ነው አንድ ልጅ ወንበሩ ላይ እንደሌለ ያየነው። ወለሉ ላይ ነበር። ጉልበቱን አጥፎ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተጠቅልሏል። ዕድሜው 25 ቢሆን ነው። መቼ እንደወረደ ያየ የለም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አጠገቡ የነበሩ እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉ። "ጎማ ነው ልጄ፣ ጎማ ነው። ጎተራ ነን። ታክሲ ውስጥ ነህ" አሉት። አልነኩትም። ድምፃቸውን ሳያነሱ ይህንኑ ደጋገሙለት። ቀስ ብሎ ተነሳ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። እስከ ሳሪስ ከፍሎ ነበር፤ "ወራጅ አለ" ብሎ እዚያው ወረደ።

"ምን ነክቶት ነው?" አለ ከኋላ የተቀመጠ ሰው። "ቅሞ ይሆናላ" አለው ሌላው።

ጥያቄው ጥሩ ነበር። መልሱ ነው የተበላሸው።

"እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባላል። ልጥ ማለት ከዛፍ ተልጦ ለማሰሪያ የሚያገለግል ቅርፊት ነው። መሬት ላይ ተጥሎ ከሩቅ ሲታይ እባብ ይመስላል። ተረቱን ብዙ ጊዜ ፈሪ ላይ ለመቀለድ ነው የምናወጣው። እኔ ግን ስለ ትራውማ፣ ከከባድ ድንጋጤ በኋላ ውስጥ ስለሚቀረው ቁስል፣ ከዚህ ያጠረ ማብራሪያ አላገኘሁም። ሰውየው እባቡን አንዴ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ሰውነቱ "ሁለተኛ አልታለልም" ብሏል። መቶ ጊዜ በልጥ መደንገጥ አንዴ በእባብ ከመነደፍ ይሻላል ብሎ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል።

ሒሳቡ የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው። አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምታክል ክፍል አለች። ዘበኛ ናት። አደጋ የሚመስል ነገር ስታይ ማንነቱን ሳትጠይቅ ትጮኻለች። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ ደም ሆድን ትቶ ወደ እግርና ክንድ ይሮጣል። "ብርክ ያዘኝ" የምንለው ያኔ ነው። "ቆይ፣ ይሄ እኮ ጎማ ነው" ብሎ የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል የሚደርሰው ከኋላ ነው። የሚዘገየው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ያም ቢሆን አንድን ወጣት ከወንበር ወለል ላይ ለማድረስ ይበቃል።

ሂፖካምፐስ የሚባለው ሌላው ክፍል ደግሞ መዝገብ ቤት ነው። እያንዳንዱን ትዝታ "ይህ የሆነው እዚያ ነው፣ ያኔ ነው፣ አልፏል" ብሎ ማህተም ይመታበታል። ከባድ ሽብር ውስጥ ግን መዝገብ ቤቱ ሥራው ይስተጓጎላል። ነገሩ ቀንና ቦታ ሳይጻፍበት፣ ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ አንድ ሽታ፣ አንድ ድምፅ፣ የበር ሲጢጥታ። እኛ ትዝታ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ዘፈናችን ሁሉ ትዝታ ነው። ይሄ ግን ትዝታ አይደለም። ትዝታ ያለፈ መሆኑን እያወቅህ የምትቆዝምበት ነው። ይሄኛው ሲመጣ አሁን፣ እዚሁ እየሆነ ነው።

ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት የሰፈራችን ልጅ በረኪና ሲሸታት ከቤት ትወጣለች። እናቷ መጀመሪያ ላይ አልገባቸውም ነበር፤ ልብስ ማጠብ የጠላች መስሏቸው ተቆጥተዋታል። የግቢው ደወል ሲጮህ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ብድግ ትላለች። ቡና እየጠጣን ስኒዋን በእጇ እንደያዘች ቆማ አይቻታለሁ። ማንም አልጠራትም። ቆማ ትንሽ ዙሪያዋን ካየች በኋላ መልሳ ተቀመጠች።

አደጋው ሲደርስ ሰው ምን ያደርጋል? አሜሪካዊው ተመራማሪ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ነገሩን በሁለት ቃል አስቀምጦት ነበር፤ መጋፈጥ ወይም መሸሽ። ለረጅም ጊዜም በዚያው ቀረ። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ግን ሦስተኛውን ያውቀዋል። "ክው ብዬ ቀረሁ" እንላለን። "በቆምኩበት ደረቅሁ" እንላለን። "ልጮህ ብል ድምፄ እምቢ አለኝ" እንላለን። ይህ የንግግር ማሳመሪያ አይደለም። መሸሽም መጋፈጥም በማይቻልበት ጊዜ ሰውነት ራሱን ይቆልፋል። ጡንቻ አይታዘዝም፤ አፍ አይከፈትም። አራተኛም አለ፤ መለማመጥ። ጥቃት የሚያደርሰውን ሰው "እሺ፣ እሺ" እያሉ፣ እንዲያውም ፈገግ እያሉ ነፍስን ማትረፍ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ በደል የሚፈጸመው እዚህ ነው። አንዲት ሴት ተደፍራ ስትናገር የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? "ለምን አልጮኽሽም?" ፖሊስ ይጠይቃታል። ጎረቤት ይጠይቃታል። አንዳንዴ የገዛ እናቷ ትጠይቃታለች። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማታ ጋደም ስትል ራሷ ራሷን የምትጠይቀው ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ከተደፈሩ በኋላ ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ የመጡ 298 ሴቶች ተጠይቀው ነበር፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከመቶ 70 የሚሆኑት በጥቃቱ ወቅት ሰውነታቸው ከፍ ባለ ደረጃ ደርቆ እንደነበር ተናገሩ። ከመቶ 48 የሚሆኑት ደግሞ እጅግ በከፋ ደረጃ። እነዚህ የደረቁት ናቸው ከወራት በኋላም ይበልጥ የተጎዱት። አለመጮህ እሺ ማለት አይደለም። ይህን አንድ ነገር ፖሊስ ጣቢያም ቤተሰብም ቢያውቀው ብዙ ነገር ይቀየር ነበር።

"ነፍሴን አላውቅም ነበር" የሚሉም አሉ። ከላይ ሆነው ራሳቸውን እንደ ሌላ ሰው ያዩ፣ ድምፅ እንደ ጉድጓድ ውስጥ የተሰማቸው። እብደት አይደለም። መቋቋም የማይቻለውን ሰዓት ለማለፍ አእምሮ ለጊዜው ከስፍራው ዘወር ሲል ነው።

ዓለም ይህን ለመረዳት ቆይቶበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ሲንቀጠቀጡ፣ ዲዳ ሲሆኑ፣ የቦምብ ድምፅ አንጎላቸውን ነቅንቆት ነው ተባለ። ብዙዎቹ ግን ፈሪ ተባሉ። የብሪታንያ ጦር በመክዳት፣ በፍርሃትና በመሳሰለው ከሷቸው የረሸናቸው 306 ወታደሮች ይቅርታ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከ90 ዓመት ያህል በኋላ። በሽታው ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ይዞ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከቬትናም ጦርነት በኋላ ነው። ፒቲኤስዲ ይሉታል። በእኛ ድኅረ አደጋ ጭንቀት የሚባለው ነው፤ እኔ "ሰቀቀን" የሚለው ይበልጥ ይቀርበዋል ባይ ነኝ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 70 ያህሉ በሕይወት ዘመኑ አንድ ከባድ አስደንጋጭ ነገር ይገጥመዋል። ሰቀቀኑ በሽታ ሆኖ የሚቀርባቸው ግን ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 5.6 ያህሉ ናቸው። ጦርነት ባለበትና የወሲብ ጥቃት በደረሰባቸው ላይ ቁጥሩ በብዙ ይጨምራል። ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው ይድናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ መባነን፣ ምግብ አለመቅመስ፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት የሚጠበቅ ነው፤ ማንም ላይ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች መጨነቅ የሚጀምሩት ከአንድ ወር በላይ ሲዘልቅና ሰውየውን ከሥራውና ከኑሮው ሲያስቀረው ነው።

ስለዚህ ቲክቶክ ላይ "የሒሳብ መምህሬ ትራውማ ሰጥቶኛል" የምትሉ ልጆች፣ ቀልዳችሁን አልነጥቅም። ግን ቃሉ እንዲህ ሲረክስ ታክሲ ወለል ላይ ለተጠቀለለው ልጅ የሚሆን ቃል እናጣለን።

ታዲያ ማን ይድናል፣ ማን ይቀርበታል? የነገሩ ክብደትና ርዝመት ይወስናል። በልጅነት የደረሰ ሌላ ጉዳት መኖሩም ይወስናል። ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት አንድ ነገር ግን ከአደጋው በኋላ ያለውን የሚመለከት ነው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ብቻውን ነበር ወይስ ሰው ነበረው?

እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር ሳላደንቅ አላልፍም። መርዶ አነጋገራችንን ተመልከቱት። ሰው ሞተ ብሎ በስልክ ድንገት አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ነፍስ አባት ይጠራሉ። ማታ እንዲተኛ፣ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል። ሲነጋጋ በር ይንኳኳል። ባለ መርዶው በሩን ሲከፍት የሚያየው ሕዝብ ነው። ሊወድቅ ቢል የሚይዘው እጅ አለ። ከዚያ ይለቀሳል፤ ደረት ይመታል። እድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ጎረቤት እህል ውኃ ይዞ ይመጣል፣ ሣልስት ይወጣል፣ አርባ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ የሚያስተምረውም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ተመልከት፣ አድምጥ፣ ከሚረዳው ጋር አገናኝ ይላል። አስገድደህ አታናግር ይላል። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን እንኳ ይህን ወጉን ይዘውታል። "ቤት ገብተሻል? መኪና ውስጥ አይደለሽም አይደል?" ብለው ያረጋግጣሉ፤ ጓደኞቿ በሯ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው የሚነገራት። አሁን አሁን ፌስቡክ እየቀደመ አስቸገረ እንጂ።

ወጋችን ግን የሚሠራው ሞት እርግጥ ሲሆንና የሚያሳፍር ሳይሆን ነው። ከዚያ ውጭ ላለው ድንኳን የለንም።

የጠፋ ሰው ያለበትን ቤት አስቡት። በሊቢያ በኩል ወጥቶ ድምፁ የጠፋ። የመን ባሕር ላይ የቀረ። ወይ ጦር ሜዳ ሄዶ ያልተመለሰ። "እርም ማውጣት" የሚል ቃል አለን፤ አልቅሶ፣ ቆርጦ፣ ሞቱን መቀበል። እናቲቱ እርሟን ታውጣ? ባልሞተ ልጅ ላይ ማልቀስ ሟርት ነው። አታውጣ? ስንት ዓመት? ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ዓይነቱን ሐዘን ስታጠና ኖራለች። ቁርጡ ያልታወቀ ማጣት ነው። ከሐዘን ሁሉ የሚከብደው ይሄኛው ነው ትላለች፤ መጨረሻ ስለሌለው።

የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ትግራይ ውስጥ ለተሰዉት ታጋዮች ቤተሰቦች መርዶ በይፋ ተነግሮ የሦስት ቀን ሐዘን የታወጀው ግን በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። በሌሎች ክልሎችም እስከ ዛሬ የልጃቸውን ወሬ የሚጠብቁ ቤቶች አሉ። ጎረቤት ያውቃል፣ ሰፈሩ ይንሾካሾካል፣ በሩን የሚያንኳኳ ግን የለም።

ቤተ እስራኤላውያን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጎንደር በእግራቸው ወደ ሱዳን የወጡት በረሃና መጠለያ ካምፕ ውስጥ እንደ ቅጠል ረገፉ። የሞቱት ወደ 4 ሺህ ይገመታሉ። ታናናሾቻቸውን በእጃቸው ቀብረው እስራኤል የገቡ ልጆች አዲስ ቋንቋ ሲማሩ፣ ሥራ ሲፈልጉ፣ ያንን ለማንም ሳይናገሩ አደጉ። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ የመታሰቢያ ሐውልት የቆመላቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ቄሶቹ ይጸልያሉ፣ ሰው ያለቅሳል። ሐውልት ሙት አያስነሳም። ሰው ግን እርሙን የሚያወጣበት ቦታ አገኘ።

ሌላው ድንኳን የሌለው ሐዘን የተመላሾች ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ ሊባኖስ በኢኮኖሚ ስትናጋ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። እነዚህ ልጆች ቤት ሲገቡ ምን ይጠብቃቸዋል? "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ነው። የተዘጋባት ክፍል፣ የተነጠቀችው ፓስፖርት፣ ሌሊት የምትሰማው የእግር ኮቴ አይወራም። ብር ልካ ቤት ያሠራች እንደሆነ ደግሞ ቤተሰብ ያንን መስማት አይፈልግም፤ ጣሪያው በምን እንደተገዛ ማወቅ ስለሚከብድ።

ከዚያ "እርሺው" ይመጣል። "ቻይው"፣ "ሆድ ይፍጀው"፣ "ወንድ ልጅ አያለቅስም"። ክፋት የለበትም፤ በፍቅር ነው የሚባለው። ችግሩ ሰቀቀን በመሸሽ የሚደልብ ነገር መሆኑ ነው። ደወል የሚያስደነግጣት ልጅ ደወል ካለበት ቤት ትርቃለች። ቀጥሎ ከገበያ ትቀራለች። ቀጥሎ ከቤት መውጣት ትተዋለች። በሸሸች ቁጥር ዘበኛዋ "አየሽ፣ ልክ ነበርኩ" ትላለች። ወንዱ በአረቄ፣ በጫት ይሸሻል፤ ለአንድ ማታ ይሠራል፣ በማግስቱ ዕዳው ከነወለዱ ይመጣል። እንቅልፍ እምቢ ሲል ከፋርማሲ የሚገዛው የማረጋጊያ ክኒንም እዚሁ ወገን ነው። በመጀመሪያው ወር ለድንጋጤ ይህን መድኃኒት መስጠት የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም።

አፍ ያልተናገረውን ሰውነት ይናገረዋል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተራ ጠብቁ። "ጨጓራዬን"፣ "ራሴን ይከፍለኛል"፣ "ውስጤን ያቃጥለኛል"። የጨጓራ ክኒን ይዘው ይመለሳሉ። ስንቱ ጨጓራ ስንት ነገር ተሸክሟል። ሕፃናት ደግሞ በጨዋታቸው ይናገራሉ። በተፈናቃዮች መጠለያ ልጆች በዱላ እየተታኮሱ፣ እየሞቱ፣ እየተቀበሩ ይጫወታሉ። ሰባት ዓመት ሞልቶት አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ልጅ ይገረፋል። ልጁ የሚያስፈልገው የታወቀ የመኝታ ሰዓት፣ አብሮት የሚተኛ ትልቅ ሰውና የትምህርት ቤት ደወል ነው።

ሕክምናው አለ። ዋናው ንግግር ነው፤ ግን ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ከሠለጠነ ሰው ጋር፣ በደህና ቦታ፣ ቀስ እያሉ ያንን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ። ቁርጥራጩ ይገጣጠማል። መዝገብ ቤቱ የዚያን ቀን ያልመታውን ማህተም አሁን ይመታዋል። የሚሸሹትንም ነገር በትንሽ በትንሹ መቅረብ አለበት፤ ዛሬ ደወሉን በስልክ መስማት፣ ነገ በር ላይ ቆሞ። ለአንዳንዱ የድብርት መድኃኒት ይታዘዛል፤ ይረዳል። ጸበል መጠመቅን የሚቃወም ሐኪም ብዙ አላየሁም፤ ጭቅጭቁ መድኃኒቱን ጥሎ መሄድ ላይ ነው። ሁለቱን አብረው የያዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ጠዋት ጸበል፣ ማታ ክኒን። ባለሙያ ለሁሉም አይዳረስም። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል በር ላይ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣውን ሰው ያየ ይህን ያውቃል።

ባለሙያ እስኪገኝ ግን ያ ሰው ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማቸው የሚያደርጉት አላቸው። ድንገት አይነኩትም። የት እንዳለ ይነግሩታል። የሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ ይነግሩታል። እግርህ ወለሉን ይረግጣል ወይ፣ ምን ይታይሃል እያሉ ወደ ዛሬ ይመልሱታል። አሚግዳላ የጎደላትን ቀንና ቦታ እነሱ በአፋቸው ይሰጧታል።

የነጠላዋ እናት ይህን የትም አልተማሩም። ጎማ ነው፣ ጎተራ ነን፣ ታክሲ ውስጥ ነህ።

ልጁ ከወረደ በኋላ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል "ቆይ እስቲ ልጄ፣ እኔም ወራጅ ነኝ" አሉት። "ማዘር፣ ሳሪስ አላሉኝም?" አላቸው። መልስ አልሰጡትም። ዘንቢላቸውን አንስተው ወረዱ። በመስኮት አየኋቸው። ልጁ አጥር ተደግፎ ቆሟል፤ እሳቸው ትንሽ ራቅ ብለው ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመዋል።